ፍላጻው ደጋኑን ሲነካና የአለቃቀቅ ችግሮች በባህላዊ ቀስት
በባህላዊ ደጋን የሚተኩስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ፍላጻው ሲወጣ እጀታውን ጧ አድርጎ ስለሚመታ ወይ ጭራው እየተወዛወዘ ስለሚሄድ ነው፣ ከዛ ወይ ጣቱን ይወቅሳል ወይ ሮጦ አዲስ ፍላጻ ይገዛል። መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የአለቃቀቁ የሚለው መለየት አለበት፣ ምክንያቱም ምልክታቸው ይመሳሰላል።

ፍላጻው የሚቀመጠው ከእጀታው ጎን ስለሆነ ገመዱ ሲለቀቅ እየተጣመመ ነው ዞሮ የሚያልፈው፣ ይሄን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ክላረንስ ሂክማን በፈጣን ካሜራ ቀርጾ አሳይቶታል። ስለዚህ የእንጨቱ ልስላሴ ማለትም ስፓይኑ ወሳኝ ነው። በአሁኑ አለካክ ፍላጻው 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሀሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል፣ ግማሽ ኢንች ከጎበጠ ስፓይኑ 500 ይባላል፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፍላጻው ይለሰልሳል ማለት ነው (ብዙ ጀማሪ ገልብጦ ነው የሚረዳው)።

የሚነካበትን ቦታ ለማግኘት ከፓውደር የተሻለ ነገር የለም፣ ፍላጻው የሚያርፍበትን መደገፊያና የእጀታውን ጎን ነስነስ አርገህ ጥቂት ፍላጻ ትተኩስና ምልክቱን ታያለህ። በየጊዜው አንድ ቦታ ከተፋቀ ችግሩ በአብዛኛው የዕቃው ነው፣ ምልክቱ ቦታ ከቀያየረ ግን እጅህን ጠርጥር። መደገፊያው ላይ ከተፋቀ ገመዱ ላይ ያለውን የኖክ (ገመዱ የሚገባበት የፍላጻው ጭራ ስንጥቅ) ምልክት ትንሽ ከፍ አርገው፣ ጎኑ ላይ ከሆነ ደግሞ ስፓይኑን፣ የገመዱን ከእጀታ ርቀትና የላባውን አቅጣጫ እያንዳንዱን ለየብቻ እየቀየርክ እይ፣ ሁለቱን ባንዴ ከነካካህ የቱ እንደሰራ አታውቅም። በነገራችን ላይ ፕላስቲክ ላባ መደገፊያው ላይ ሲያልፍ እንደ እውነተኛው ላባ አይተኛም፣ ፍላጻውን ይገፈትረዋል፣ እዛ ላይ ምንም ማስተካከያ ብዙ አያድንም።

ላባ የሌለው ፍላጻ መተኮስም ይረዳል፣ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ከሄደ ደረቅ (በቀላሉ የማይጎብጥ) ነው ወደ ቀኝ ከሄደ ለስላሳ። ወጥመዱ ግን በጣም ደረቅ የሆነ ፍላጻ ጭራው እጀታውን መትቶ ወደ ግራ ይነጥርና ጫፉ ወደ ቀኝ ዞሮ ለስላሳ መስሎ ይታያል፣ ሰውየውም ይባስ ደረቅ ይገዛል፣ ፓውደሩ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

አለቃቀቅ ላይ ዋናው ጥፋት እጅን ከፊት ወደ ውጪ መንጠቅ ነው፣ ገመዱ ወደ ጎን ስለሚወጣ ፍላጻው ከልክ በላይ ይጣመማል። ሌላው ከመልቀቅ በፊት ወደፊት መላላት ነው፣ የሚሳበው ርዝመት ስለሚያጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያው ፍላጻ እንደ ደረቅ ይሆናል። ኖኩን በጣት መቆንጠጥ ደግሞ ፍላጻውን ወደላይና ወደታች ያስዘልለዋል፣ በጣቶቹና በኖኩ መሀል ትንሽ ክፍተት መተው ይበቃል። ጣት መሸፈኛው ቆዳ ላይ ገመዱ ጎድጓዳ መስመር ሰርቶበት ከሆነም ገመዱ እዛው ይያዛል፣ ያን ጊዜ ቆዳውን መቀየር እንጂ አለቃቀቅን መለማመድ ብቻውን አይፈታውም።