ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1904 ዓ.ም. ተወለዱ። በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ፣ ከዚያም በፓሪስ ሕግ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ፓሪስ በነበረው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን (ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤት) ሠርተዋል። ከነጻነት በኋላ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን፣ መጀመሪያ በምክትል ሚኒስትርነት፣ ከአሥር ዓመት በላይ መርተዋል። ከሚያዝያ 1953 እስከ የካቲት 1966 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ስማቸው በተነሳ ቁጥር ተመሳሳይ ስሕተቶች ስለሚደጋገሙ ዋና ዋናዎቹን እናርማለን። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

«ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩ አገሪቱን ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው»

የዛሬውን ጠቅላይ ሚኒስትር እያሰቡ የዚያን ዘመኑን መፍረድ ትልቁ ስሕተት ነው። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎቹን ሚኒስትሮችም የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ፓርላማው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመርጥበትም ሆነ የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት መክሮ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ቃል የዙፋኑ ነው።

ከሕጉ ይልቅ አሠራሩ ነገሩን በደንብ ያሳያል። «አቃቤ ሰዓት» በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ሚኒስትር የራሱን ፋይል ይዞ በተመደበለት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቀርብና ጉዳዩን ያስወስናል። አንድ ሚኒስትር በዚህ መንገድ ፈቃድ ካገኘ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጉዳዩ ላይ ሳይመክሩበት ያልቃል። የመከላከያውም የአገር ግዛቱም ጉዳይ እንዲሁ ይሄድ ስለነበር ካቢኔው እንደ አንድ አካል መወሰን ይቸግረው ነበር። አክሊሉ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርቡ የተፈቀደላቸው በ1958 ነው፤ ሥልጣን በያዙ በአምስተኛው ዓመት ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ሹመቱን የሚያጸድቁት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

ይህ ግን ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣቸውም። አሥራ ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው መሬት ለአራሹ ሲጠየቅ፣ ወሎ በድርቅ ሲጎዳ መንግሥቱ ስላልሠራው ሥራ ይጠየቃል። ሲጠየቅ ግን በእጁ የነበረው ምን ያህል እንደሆነ ታውቆ መሆን አለበት።

«ኤርትራን በተባበሩት መንግሥታት ተከራክረው ከኢትዮጵያ ጋር አዋሐዷት»

የኢትዮጵያ ልዑክ የጠየቀው ውሕደት ነበር፤ የተወሰነው ግን ፌዴሬሽን ነው። የሁለቱ ልዩነት ሲዘለል የኋላው ታሪክ ሁሉ ይበላሻል።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ጣልያን በፓሪሱ የሰላም ውል (የካቲት 3 ቀን 1939) በኤርትራ፣ በሊቢያና በሶማሊያ ላይ ያላትን መብት ለቀቀች። አራቱ ኃያላን (አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት) በአንድ ዓመት ውስጥ መስማማት ስላልቻሉ ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። በግንቦት 1941 የእንግሊዙ ቤቪንና የጣልያኑ ስፎርዛ፣ ሁለቱም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ያዘጋጁት ዕቅድ ቀረበ፤ የኤርትራን ምዕራባዊ ክፍል ለሱዳን፣ ቀሪውን ለኢትዮጵያ የሚሰጥ ነበር። ይህ ዕቅድ የወደቀው በኤርትራ ምክንያት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትሪፖሊታኒያን (የሊቢያን ምዕራባዊ ክፍል) በጣልያን ሞግዚትነት ሥር የሚያደርገው አንቀጽ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለማግኘት አንድ ድምፅ ጎደለው፤ የሄይቲው ተወካይ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፣ ከዚያም ጠቅላላው ዕቅድ ፈረሰ።

ቀጥሎ ከበርማ፣ ከጓቴማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ አጣሪ ኮሚሽን በ1942 ወደ ኤርትራ ሄደ። አባላቱ ለሦስት ተከፈሉ። ጓቴማላና ፓኪስታን ነጻነትን፣ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽንን፣ ኖርዌይ ብቻዋን ውሕደትን ደገፉ። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር 23 ቀን 1943 በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 390 ሀ (5) መካከለኛ መንገድ ነበር። በውሳኔው መሠረት መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭና የክፍላተ ሀገር ንግድ፣ ወደቦችን ጨምሮ የውጭ መገናኛ ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሆኑ፣ በውስጥ ጉዳይ ሕግ ማውጣት፣ ማስፈጸምና መዳኘት ለኤርትራ መንግሥት ተሰጠ። እንግሊዝ አስተዳደሩን ያስረከበችው መስከረም 5 ቀን 1945 ነው።

አክሊሉ ለዚህ ውጤት የከፈሉት ድካም ከፍ ያለ ነው፤ ከጦርነት ገና የወጣችን አገር ይዘው ከኃያላኑ ጋር እኩል መከራከራቸው ሊከበር ይገባዋል። ፌዴሬሽኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ሲፈርስ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። የ1943ቱን እያመሰገኑ የ1955ቱን መዝለል፣ ወይም በ1955ቱ ተነሥቶ የ1943ቱን ማጣጣል፣ ሁለቱም መዝገቡን በግማሽ ማንበብ ነው።

«የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ»

አልነበሩም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ቻርተሩ አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በውጭ ጉዳይ በኩል በአንድነቱ አካሄድ ላይ የተለያዩትን የአፍሪካ መንግሥታት ቡድኖች፣ የካዛብላንካንና የሞንሮቪያን፣ ለማቀራረብ የደከሙት አቶ ከተማ ይፍሩ ናቸው።

«ከጣልያን ካሣ አላስገኙም»

በዚያው የፓሪስ ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተወስኗል። ለደረሰው ጥፋት ምንም ሊባል የማይችል ገንዘብ ነው፤ ከውሉ ዘግይቶም ቢሆን የተከፈለው ካሣ ለቆቃ ግድብ ሥራ ውሏል። የውሉ አንቀጽ 37 ደግሞ ጣልያን ከመስከረም 1928 ወረራ ወዲህ የወሰደቻቸውን የሥነ ጥበብ፣ የሃይማኖትና የታሪክ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት በ1997 ሲመለስ ኢትዮጵያ የቆመችበት የሕግ መሠረት ይህ አንቀጽ ነው። 18 ወሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ጣልያን ግዴታዋን ስላልፈጸመች እንጂ ውሉ ስለጎደለው አይደለም።

«መርማሪ ኮሚሽኑ ጥፋተኛ ብሎ ስለፈረደባቸው ተገደሉ»

የቀድሞ ባለሥልጣናትን ሥራ እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የሚመረምር እንጂ የሚፈርድ አካል አልነበረም። የተቋቋመውም በደርግ ሳይሆን፣ አክሊሉን በተኩት በልጅ እንዳልካቸው መኮንን የሥልጣን ወራት ነው። አክሊሉ ሚያዝያ 1966 ከካቢኔያቸው አባላት ጋር ታሰሩ፤ ለኮሚሽኑም ስለ ሥራ ዘመናቸው ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጡ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ክስ ሳይመሠረት፣ ምስክር ሳይሰማና ጠበቃ ሳይቆም ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት አዲስ አበባ በነበረው ማዕከላዊ እስር ቤት (ከርቸሌ) ተረሸኑ። ደርግ ራሱ በሬዲዮ ያስታወቀው የፖለቲካ ውሳኔ መሆኑን ነው። በዚያች ሌሊት ከተገደሉት ስድሳ ያህል ሰዎች መካከል ወንድማቸው አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድም፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ነበሩ።