«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው»፦ ከጋና የኮኮዋ ማሳ ሲታይ

ይህችን ተረት ብዙ ጊዜ የምንወረውራት ለማሾፍ ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ቤቱ ገብቶ ሽሮ ሲበላ ካየነው አለቀለት። ትርጉሟ አጭር ነው፤ ከሞላ ነገር አጠገብ ሆኖ ማጣት።

መነሻዋን መልክዓ ምድሩ ራሱ ይናገራል። ዓባይ ጎጃምን ሲዞር፣ በቦታ ቦታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ሸለቆ ውስጥ ይፈሳል። ደጋ ላይ ያለ ገበሬ ቁልቁል ያየዋል እንጂ አይቀዳውም። ስለዚህ ተረቷ ስለ ሰነፍ ልጅ ነች ብዬ አላምንም። ውሃው ሞልቷል፤ የከፋው መውረጃው ነው።

በዚህ ትርጉሟ ከጋና በላይ የምትገጥመው አገር አላውቅም። ቴቴ ኳርሺ የተባለ የአገሩ ሰው፣ ቸኮሌት የሚሠራበትን የኮኮዋ ፍሬ ከፈርናንዶ ፖ ደሴት (የዛሬዋ ቢዮኮ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ) ይዞ የተመለሰው በ1879 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አገሪቱ ጎልድ ኮስት ትባላለች፤ ገዢዋ እንግሊዝ ናት። ኮኮዋውን ያስፋፉት ግን ገበሬዎቹ ናቸው። ገንዘብ አዋጥተው መሬት ገዙ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ በ1911 አገራቸው የዓለም አንደኛ ኮኮዋ ላኪ ሆነች። «አፍሪካዊ ካፒታሊዝም አይገባውም» ለሚሉ መልሱ ይኸው! በ1937 የአውሮፓ ኩባንያዎች ተመሳጥረው ዋጋ ሲሰብሩ ደግሞ፣ ገበሬዎቹ «አንሸጥም» ብለው ለወራት ከረሙ።

መውረጃው ግን በሌላ እጅ ቀረ። ዛሬም ገበሬው ፍሬውን ፈልፍሎ፣ በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ ለስድስት ቀን ያህል ያብላላዋል። ከዚያ ቀርከሃ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ያስመታዋል። 64 ኪሎ ከረጢት ሞልቶ ሚዛን ላይ ያወጣል። የእሱ ነገር እዚያ ያበቃል። የጋና ወደብ በሆነችው ቴማ የቸኮሌት ፋብሪካ አለ፣ አልካድኩም። አብዛኛው ፍሬ ግን እንዳለ መርከብ ላይ ይጫናል፤ ትልቁ ገንዘብ የሚገኘው ከባሕር ማዶ ነው።

ነጻነት በ1957 ቢመጣም፣ እንግሊዞች በ1947 ያቋቋሙት የኮኮዋ ገበያ ቦርድ አሠራር ቀጠለ፤ ለገበሬው ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ነው። በ2024 መጨረሻ ኒውዮርክ ገበያ ላይ አንድ ቶን ኮኮዋ ከ12,000 ዶላር አለፈ። የጋና ገበሬ ሲሶውን እንኳ አላገኘም። መንግሥት ብዙውን ምርት ቀደም ብሎ በድሮው ዋጋ ሸጦት ነበራ። ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ? ብዙ ኮኮዋ በድብቅ ወደ ቶጎና ወደ አይቮሪኮስት ተሻገረ።