ማርሳሽሎክ፦ የማልታ ዓሣ አጥማጆች መንደር

ማርሳሽሎክ በማልታ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከዋና ከተማዋ ከቫሌታ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የወደብ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ከ3,500 እስከ 4,000 ይገመታሉ። በሕዝብ ብዛት ትንሽ ብትሆንም ከማልታ ወደቦች ሁሉ ብዙ የዓሣ ጀልባ የሚያድረው በእርሷ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመንደሪቱ ስም የሁለት ቃላት ጥምር ነው። «ማርሳ» በዓረብኛም በማልታ ቋንቋም ወደብ ማለት ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያሉትን መርሳ ፋጡማንና መርሳ ተክላይን ለሚያውቅ አንባቢ ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። «ሽሎክ» ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ ከሰሐራ ሙቀት ይዞ የሚመጣው ነፋስ ስም ነው። የማልታ ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ሴማዊ ነው፤ የአማርኛ ዘመድ ነው ማለት ነው። ባሕሩን «ባሐር»፣ ዓይንን «አይን» ይሉታል። እንግዳው ወደቡ ላይ ቆሞ ሁለቱን ቃላት ቢሰማ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ዓይን የሚለው ቃል እዚህ ያለ ምክንያት አልተነሣም። የማርሳሽሎክ መለያ የሆነው «ሉትሱ» የተባለው የእንጨት ጀልባ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ዓይን አለው። ጀልባው ፊቱም ኋላውም ሾጣጣ ነው፤ ቀድሞ በሸራ፣ አሁን በናፍጣ ሞተር ይሄዳል። ገላው በቢጫ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ተሸንሽኖ ይቀባል። ከአፍንጫው በላይ ያለው ባለ ቀለም ክፍል «ሙስታች» ማለትም ጺም ይባላል፤ ቀለሙ ጀልባው የየትኛው መንደር እንደሆነ ያመለክት ነበር፤ ዘመድ የሞተበት ሰውም ጥቁር ይቀባው ነበር ይባላል። ዓይኑ በጀልባው ላይ የሚመጣውን ክፉ ነገር አይቶ ያስጥላል የሚል እምነት አለ።

የዓይኑን አመጣጥ በተመለከተ የአስጎብኚዎች መጻሕፍት በአንድ ድምፅ ከፊንቄያውያን፣ ከጥንቶቹ የሊባኖስ ዳርቻ ባሕረኞች ጋር ያያይዙታል፤ የግብፃውያኑ አማልክት የኦሲሪስ ወይም የሆረስ ዓይን ነው ይላሉ። ፊንቄያውያን በማልታ መኖራቸው የተረጋገጠ ነው። ልማዱ ከእነርሱ ዘመን እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መምጣቱ ግን በማስረጃ የተደገፈ አይደለም፤ ሉትሱ ራሱ ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው ገና በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የመንደሩ ሰው ለዚህ ክርክር ጊዜ የለውም፤ ቀለሙ በጨው ሲላጥ እንደገና ይቀባዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ የፋይበር ጀልባ ርካሽና ጥገናው ቀላል በመሆኑ እንጨቱ እየቀነሰ ነው፤ አንዳንዱ ሉትሱም መረቡን አራግፎ ቱሪስት መጫን ጀምሯል።

የመንደሪቱ ትልቁ ሥራ የ«ላምፑኪ» ዓሣ ወቅት ነው። ላምፑኪ ጀርባው ወርቅና አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ፣ በባሕሩ የላይኛው ክፍል የሚጓዝ ዓሣ ነው። አንድ ጠባይ አለው፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ካገኘ ከጥላው ሥር ይሰበሰባል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህንን በማወቅ «ካኒትሳቲ» የሚባሉ መድረኮችን ያንሳፍፋሉ። መድረኩ ድሮ ከቡሽ ይሠራ ነበር፤ አሁን ከቀላል የፕላስቲክ አረፋ ነው። በላዩ ወይም በሥሩ የዘንባባ ዝንጣፊ ይታሰርበታል፣ በረጅም ገመድም ከባድ የኖራ ድንጋይ ታስሮለት በጥልቁ ባሕር መልሕቅ ይሆነዋል። ከዚያ ጀልባው በየመድረኩ እየዞረ፣ ዓሣው ተሰብስቦ ከተገኘ በመረብ ይከብበዋል። መድረኮቹ ወደ ጥልቁ በመስመር ይዘረጋሉ፤ ማን በየትኛው መስመር እንደሚሠራ በየዓመቱ በዕጣ ይለያል። ዕጣው የወጣለት ሰው ወቅቱን ሙሉ በዚያው ይኖራል፤ ደጉም ክፉውም የእርሱ ነው። በሜዲትራኒያን የዓሣ ሀብት ኮሚሽን ደንብ መሠረት ከጥር 1 እስከ ነሐሴ 14 ድረስ በዚህ ዘዴ ላምፑኪ ማጥመድ ክልክል ስለሆነ፣ ጀልባዎቹ የሚወጡት ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ነው።

በዚያ ወቅት የማልታ ቤቶች «ቶርታ ታል ላምፑኪ» ይጋግራሉ፤ ዓሣው ከስፒናች፣ ከወይራና ከሽንኩርት ጋር በሊጥ ተሸፍኖ ይበስላል። ለትንንሾቹ ዓሦች «አልዮታ» አለ፤ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት፣ ቲማቲምና ሩዝ የገባበት ሾርባ ነው። ከሁለቱ አልዮታ ይበልጣል።

ታሪኳን በተመለከተ ከመንደሩ በላይ ካለው ታስ ሲልጅ ከተባለው ኮረብታ መጀመር ይገባል። ስሙ «የበረዶዋ» ማለት ነው፤ በረዶ ከማይጥልበት ደሴት ላይ ያለ ስም ነውና እንግዳን ያስገርማል፤ የመጣው በስፍራው ካለችው የበረዶዋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የጣሊያን አርኪዮሎጂስቶች ከ1963 እስከ 1970 በስፍራው ቆፍረው፣ በአንድ ቦታ ላይ የድንጋይ ዘመን ቤተ መቅደስ፣ የፊንቄያውያን የአስታርቴ መቅደስ፣ የሮማውያን የዩኖ መቅደስና የባይዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተደራርበው አገኙ። ሮማዊው ጠበቃ ሲሴሮ በ70 ቅድመ ክርስቶስ የሲሲሊውን ገዥ ቬሬስን በዘረፋ ሲከስ የጠቀሰው የማልታ የዩኖ መቅደስ ይህ እንደሆነ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ከሮማውያን በኋላ ያሉት ብዙ መቶ ዓመታት ለመንደሪቱ ያስቀሩት ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ በዚያ ዘመን ደሴቷን የገዙት ዓረቦች ቋንቋውንና ስሙን አውርሰው ሄደዋል።

በግንቦት 1565 የኦቶማን መርከቦች ማልታን ለመውረር ሲመጡ መልሕቃቸውን የጣሉት በዚሁ ሰፊ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከበባው በመስከረም በኦቶማኖች መሸነፍ አበቃ። በዚያን ጊዜ ማልታን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ባሕረ ሰላጤው ዳግም በር እንዳይሆን በ1610 የቅዱስ ሉቺያንን ግንብ ሠሩ፤ በ1614 የመጡትን የኦቶማን መርከቦች በመድፍ ያራቀውም እርሱ ነው። በ1798 ግን የናፖሊዮን ወታደሮች ካረፉባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነበር። ያ ግንብ ዛሬ የዓሣ እርባታ ምርምር ይካሄድበታል፤ ከመድፍ ሥራው ይልቅ ለመንደሩ የሚስማማው ይህ ነው።

የዓለም ዓይን በዚህች መንደር ላይ ያረፈው ግን በታኅሣሥ 2 እና 3 ቀን 1989 ነው። የበርሊን ግንብ ከተከፈተ አንድ ወር ሳይሞላ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽና የሶቪየቱ መሪ ሚካኤል ጎርባቾቭ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ተገናኙ። ዕቅዱ በሁለቱ የጦር መርከቦች፣ በአሜሪካዋ ቤልክናፕና በሶቪየቷ ስላቫ ላይ ተራ በተራ መነጋገር ነበር። ማዕበሉ ግን ማንንም አላከበረም። ስብሰባው ወደብ ዳር ወደታሰረችው ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ወደ ማክሲም ጎርኪ ተዛወረ። የመጀመሪያው ቀን የከሰዓትና የማታ ፕሮግራም ሲሰረዝ፣ ቡሽ ከመርከባቸው መውጣት ሳይችሉ አመሹ። የኃያላኑ አማካሪዎች የዘነጉትን የባሕሩን የክረምት ጠባይ ማንኛውም የማርሳሽሎክ ዓሣ አጥማጅ ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር። ስምምነት አልተፈረመም፤ ሁለቱ መሪዎች በጋራ የሰጡትን ጋዜጣዊ መግለጫ ብዙዎች የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ አድርገው ይቆጥሩታል። የመታሰቢያ ሐውልቱ የቆመው በጎረቤት ከተማ በቢርዘቡጃ ነው።

መንደሪቱ ሌላም ኩራት አላት፤ የእግር ኳስ ክለቧ በ2006/07 የማልታን ፕሪሚየር ሊግ አሸንፏል። በቀጣዩ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በቦስኒያው ክለብ በሳራዬቮ ተሸንፎ ወጣ።

ዛሬ ወደ ማርሳሽሎክ የሚሄድ ሰው ሁሉም ነገር እንደ ፖስታ ካርድ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። ከቀለማማዎቹ ጀልባዎች ጀርባ የደሊማራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ይታያል፤ ከ2016 ወዲህም ጣቢያው የሚጠቀምበትን ፈሳሽ ጋዝ የያዘች ትልቅ መርከብ በባሕረ ሰላጤው ታስራ ትገኛለች። የመርከቧ ደኅንነት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በሌላው ወገን የማልታ ፍሪፖርት የኮንቴይነር ክሬኖች ቆመዋል። ፎቶ አንሺዎች አንግላቸውን መርጠው ሁሉንም ያስቀሯቸዋል።

ገበያው የሚደምቀው እሑድ ጧት ነው። ከቫሌታ አውቶቡስ አለ። ማልዶ የደረሰ ሰይፍ ዓሣ፣ ኦክቶፐስና ወቅቱ ከሆነ ላምፑኪ ያገኛል፤ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ የዓሣው ጠረጴዛ ይራቆትና ገበያው የማርና የጠረጴዛ ልብስ ይሆናል። መዋኘት የፈለገ በደሊማራ ልሳነ ምድር ወዳለው የቅዱስ ጴጥሮስ የተፈጥሮ መዋኛ በእግር ወይም በጀልባ ይሄዳል፤ ጥላ ስለሌለ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። በሥራ ቀን የመጣ እንግዳ ግን የሚያገኘው በወደቡ ዳር መረብ ዘርግተው የተቀደደውን የሚጠግኑ ሰዎችን ነው። ማነጋገር ይቻላል፤ መረቡን መርገጥ ግን አይቻልም።