ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር ስንት ነው?

አንዱ 180 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 100፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። 180 ገደማው መኪና ጣናን በምሥራቅ ዞሮ፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ የሚሄድበት ነው። 100 ገደማው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሐይቁን አቋርጦ የተሰመረ ቀጥታ መስመር ነው። 55 የሚል ካያችሁም አትደናገጡ፣ በኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ሰውን በደንብ የሚያምታታው ሰዓቱ ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህንን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል ማለት አይደለም፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ገና ከፍታ ይዞ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ከመቆሚያው ተነቃንቆ፣ አኮብኩቦ፣ በርሮ፣ አርፎ፣ እንደገና መቆሚያው ላይ እስኪደርስ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ፍተሻውና ሻንጣ መጠበቁ ግን አይገባበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች ቀጥታ በረራ ይኑር አይኑር አይጠይቁም። ትኬቱ በአዲስ አበባ የሚያዞር ከሆነ መጀመሪያ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄዳችሁ ነው ወደ ሰሜን የምትመለሱት።