በመኪና ውስጥ የሞተር ሳይክል ሞተር ምንድን ነው? የቱስ ይመረጣል?

በአማርኛ «ሞተሬ ተበላሸ» ያለ ሰው፣ ባለ ሁለት ጎማው ይሁን ኮፈን ሥር ያለው፣ እስኪያስረዳ ድረስ አይታወቅም። ዛሬ ግን ሁለቱም ትርጉም ያስፈልገናል፤ የምናወራው ከባለ ሁለት ጎማው ሞተሩን አውጥቶ ባለ አራት ጎማው ውስጥ ስለ መክተት ነውና።

ኪት መኪና ክፍሎቹ ተገዝተው ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው መኪና ነው። ለትራክ (ለውድድር ሜዳ) ከሚሠሩት ብዙዎቹ ዘራቸው የሚመዘዘው የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 ካወጣው ሎተስ ሰቨን ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የብረት ቱቦ ሻንሲ፣ ስስ አልሙኒየም፣ ሁለት ወንበር፤ ከዚያ በላይ ብዙም የለውም። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ኬተርሃም የሚባል የብሪታንያ ኩባንያ ይሠራዋል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ስለሚቆጠር፣ የመኪና ሞተር ራሱ ከባዱ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። የሞተር ሳይክል ሞተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑና ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይመጣሉ። ማርሹም ግራ ቀኝ አይፈለግም። ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት በተርታ ይሄዳል፤ በእግር ይረገጥ የነበረው በእጅ ይሳባል።

ታዲያ የቱ ሞተር? አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው፤ በእኔ አስተያየት የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ሦስት ሞተሮችን እንይ። የ1998ቱ ያማሃ አር1፣ 998 ሲሲ፣ በ10,000 ዙር በደቂቃ 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። የ1999ኙ ሱዙኪ ሃያቡሳ፣ 1299 ሲሲ፣ ወደ 175 ይጠጋል። በ2009 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤስ1000አርአር ደግሞ በ13,000 ዙር 193። በዚህ ብቻ ከተፈረደ ቢኤምደብሊው አሸናፊ ነው። አሁን ቶርኩን፣ ማለትም ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) የሚያዞረውን ጉልበት፣ እንመልከት፦ አር1 108 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ቢኤምደብሊው 112፣ ሃያቡሳ 138፤ ያውም በ7,000 ዙር ላይ።

የፈረስ ጉልበት ቶርክ በዙር ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ቢኤምደብሊው ከአሮጌው አር1 የበለጠውን ከ40 በላይ ጉልበት ያገኘው በዋናነት ይበልጥ በመሽከርከር ነው። ሞተር ሳይክል ከነነጂው 280 ኪሎ ቢሆን ይህ ችግር የለውም። መኪናው ግን ከነነጂው 530 ኪሎ ቢመዝን፣ ከዝግ ያለ ኩርባ ሲወጣ ዙሩ ወርዶ ከተገኘ ሞተሩ ያለከልካል፤ ማርሽ መቀነስ የግድ ይሆናል። ሃያቡሳ ያለው ሰው በዚያው ማርሽ ይሄዳል። የብሪታንያው መኪና ሠሪ ራዲካል ኤስአር3 የሚባለውን የትራክ መኪናውን በሃያቡሳ ላይ በተመሠረተ ሞተር መሥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ኤስአር8 የሚባለው ታላቅ ወንድሙም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ የሃያቡሳን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ነው የተጠቀመው፤ በ2009 የጀርመኑን ትራክ ኑርበርግሪንግን በ6 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ዞሮበታል።

600 ሲሲዎቹስ? በፎርሙላ ስቱደንት ውድድር ተማሪዎች የሚሠሯቸው ባለ አንድ ወንበር መኪናዎች ላይ በደንብ ይሠራሉ፤ እነዚያ ግን እጅግ ቀላል ናቸው። ባለ ሁለት ወንበር መኪና ላይ 600 መግጠም አልመክርም።

ሞተሩ ተመርጦ ማርሹ ካልተሰላ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ከኮሎው ወደ ፍሪሲዮን ሲተላለፍ ዙሩን በ1.6 ገደማ የሚቀንስ ጥርስ አለ፤ በምሳሌ ስድስተኛው ማርሽ በ1.05 ይቀንስ፣ ዲፍረንሻሉ በ3.92 ይቀንስ፣ ጎማው በአንድ ዙር 1.75 ሜትር ይሂድ። ሞተሩ 10,000 ሲደርስ መኪናው በሰዓት 159 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ዲፍረንሻሉን ብቻ በ3.14 ብንቀይረው 199 ይደርሳል፤ በለውጡ ግን በእያንዳንዱ ማርሽ የሚገፋው ኃይል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ረጅም ቀጥታ ያለው ትራክና ኩርባ የበዛበት ትራክ አንድ ዓይነት ዲፍረንሻል የማይፈልጉት። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ በካቴና በሚነዳ መኪና ላይ ጉዳዩ ይቀላል፤ የካቴናውን ጥርስ መቀየር ዲፍረንሻል ከመፍታት ጋር አይወዳደርም። ሞተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን በ90 ዲግሪ ዞሮ፣ የካቴናው ጥርስ በነበረበት ቦታ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ይታሰርለታል።

ከሁሉ በላይ ሞተር የሚገድለው ዘይት ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ በእጅ ይዞ ያሽከረከረ ሰው ውሃው እንደማይፈስ ያውቃል። ሞተር ሳይክልም ኩርባ ላይ ስለሚያጋድል ዘይቱ ሁልጊዜ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወለል ይገፋል፤ ፓምፑ የሚስብበት ቦታ ላይ ይገኛል። መኪና አያጋድልም። ጎማው ጥሩ ሆኖ የጎን ግፊቱ ከመሬት ስበት ጋር ሲተካከል፣ ኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት በ45 ዲግሪ ተዳፍቶ አንዱ ጥግ ላይ ይከማቻል። ፓምፑ አየር ይስባል። በ10,000 ዙር ላይ የቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን፣ ማለትም በዘይት ላይ የሚንሸራተተው ስስ ብረት፣ ያለ ዘይት ብዙ አይቆይም።

በዚህ ላይ ኮፓው ለመኪናው በጣም ጥልቅ ስለሆነ መሬት እንዳይነካ ይቆረጣል፤ የሚይዘው ዘይትም ያንሳል። መፍትሔው ኮፓው ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱ ግድግዳዎችና መዝጊያዎች መሥራት ነው። ለስላሳ የውድድር ጎማ ለሚጠቀም ደግሞ ዘይቱን በሌላ ታንክ የሚያስቀምጥ ድራይ ሳምፕ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሞተር ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ስንት ፈረስ?» አይደለም፤ «ለዚህ ሞተር ተሞክሮ የተመሰከረለት የመኪና ኮፓ ይሸጣል ወይ?» ነው። መልሱ የለም ከሆነ ሞተሩን እተወዋለሁ።

የቀረው አጭር ነው። የፍሪሲዮኑ ሞላዎች በጠንካራ ይተካሉ፣ ምክንያቱም ከቆመበት የሚያስነሱት ክብደት በእጥፍ አድጓል። ራዲያተሩም በትልቅ ይተካል፤ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ነዳጁን እስከ ጥግ የሚከፍተው ለጥቂት ሰከንዶች ነው፣ ትራክ ላይ ግን 20 ደቂቃ ሙሉ ይጨመቃል። የኋሊት ማርሽ የለውም፤ ወይ ዘንጉ ላይ ተጨማሪ ሳጥን፣ ወይ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ወይ የሚገፋ ጓደኛ።

ኤሌክትሪኩ አሮጌውንና አዲሱን ይለያል። አር1 ከ2007 ጀምሮ የነዳጁን መክፈቻ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚያዝ ከመኪና ፔዳል ጋር ማስማማቱ ያደክማል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በተራ ካቦ ይከፈታሉ። ሞተሩ ሲገዛ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦው፣ ቁልፍ የሚለይ ከሆነም ከነቁልፉ ይሁን። ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ሴንሰርም በመጀመሪያው አቀማመጡ ቀጥ ብሎ ካልታሰረ መኪናው ጨርሶ አይነሳም፤ በእሱ ሳቢያ ስንት ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ተፈትቷል መሰላችሁ።

የእኔ ምርጫ? ለመጀመሪያ ሥራ፣ መኪናው በጣም ቀላል ከሆነ የ2002 ወይም የ2003 አር1፦ ኢንጄክሽን (ነዳጅ በመርጨት የሚያስገባ) አለው፣ በካቦ ነው የሚከፈተው። ሰው ጎን አስቀምጦ ለሚነዳ ወይም መኪናው ከበድ ላለበት ሃያቡሳ። ቢኤምደብሊውን ለሦስተኛው መኪናችሁ አቆዩት።

የሚገኙት ሞተሮች አብዛኞቹ ከተጋጨ ሞተር ሳይክል የወጡ ናቸው። የሞተሩ ቤት የተሰነጠቀ እንዳይሆን በተለይ የካቴናው ጥርስ የሚወጣበትን ጎን በባትሪ እያበሩ ማየት ነው፤ ካቴና ሲበጠስ የሚመታው እዚያ ነው። ከዚያ ሻጩን አስፈቅዶ የዘይት ማጣሪያውን መፍታት፣ ቆርቆሮውን ቆርጦ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ መዘርጋት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለበት ብሮንዚኑ መበላት ጀምሯል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀነስ ሞተሩን እዚያው ትቶ መሄድ ነው።