አነስተኛ የመኪና አምፕሊፋየሮች ለጠባብ ቦታ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

አነስተኛ የመኪና አምፕሊፋየር ከቴፑ ጀርባ፣ ከመቀመጫ ሥር ወይም በክሩስኮት ውስጥ እንዲገባ ሆኖ የሚሠራ የድምፅ ኃይል ማሳደጊያ ነው። አምራቾች «አነስተኛ» የሚለውን ቃል እንዳሻቸው ይለጥፉታል። እዚህ የሚወሳው ግን ሙቀት መበተኛ ሰፊ ክንፍ ያለው መደበኛ አምፕሊፋየር እንቢ ያለበት ቦታ የሚገባው ነው።

ቴፑ ራሱ አምፕሊፋየር እያለው ሌላ ለምን ያስፈልጋል? አብዛኛው ቴፕ በፊቱ ላይ «50 ዋት በ4»፣ ማለትም ለአራት ስፒከሮች ለእያንዳንዳቸው 50 ዋት፣ የሚል ጽሑፍ አለው። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ክፍል የሌለው ቴፕ በዚህ ቮልቴጅ ለአንድ ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር የሚሰጠው ንጹሕ ኃይል በስሌት ከ26 ዋት አያልፍም፤ በተግባር ከ18 እስከ 22 ዋት ነው። 50 የሚለው ቁጥር የሚገኘው የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማው ሙዚቃ ሳይሆን ጩኸት ነው።

ስለ ጭማሪው መጠን ግን ከመጠን በላይ ተስፋ ማድረግ አያስፈልግም። ከ20 ዋት ወደ 45 ዋት መውጣት ድምፁን የሚያሳድገው በ3.5 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን ጆሮ ይህን «ትንሽ ጨመረ» ብሎ ያልፈዋል። ዋናው ጥቅም ከበሮው ድንገት ሲመታ ድምፁ አለመሰነጠቁ ነው።

የአምፕሊፋየርን መጠን የሚወስነው ሙቀት ነው። እያንዳንዳቸው 45 ዋት የሚያወጡ አራት መስመሮች (ለእያንዳንዱ ስፒከር አንድ) በድምሩ 180 ዋት ናቸው። ክላስ ኤቢ በሚባለው የቆየ አሠራር የብቃቱ መጠን 60 በመቶ ቢሆን ከባትሪው 300 ዋት ይስባል፤ 120ው ዋት ሙቀት ይሆናል። ክላስ ዲ የሚባለው ሌላው አሠራር በ85 በመቶ ብቃት ያንኑ 180 ዋት ሲያወጣ የሚስበው 212 ዋት ነው፤ የሚባክነው 32 ዋት ብቻ። 120 ዋት ሙቀት ለመበተን ሰፊ የአሉሚኒየም ክንፍ ይፈልጋል፣ ለ32 ዋት ግን የሣጥኑ ሽፋን ሊበቃ ይችላል። እርግጥ ሙዚቃ ያለማቋረጥ ሙሉ ኃይል ስለማይጠይቅ በተግባር የሚፈጠረው ሙቀት ከሁለቱም ያንሳል።

የክላስ ዲ ታሪክ ከመኪና ሙዚቃ ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ሐሳቡ በ1950ዎቹ ከእንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ ጋር ይያያዛል፤ ስሙም በ1955 ተሰጠው። ብዙዎች «ዲ» ዲጂታል ማለት ይመስላቸዋል፣ ነገር ግን ከኤ፣ ከቢ እና ከሲ ቀጥሎ የመጣ ፊደል ብቻ ነው። ትራንዚስተሩ ድምፁን ተከትሎ በከፊል እየተከፈተ በመሥራት ፈንታ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ድምፁ የሚገለጸው ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ርዝመት ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ኮይልና ካፓሲተር ያሉት ማጣሪያ ፈጣኑን መቆራረጥ አስቀርቶ ሙዚቃውን ያሳልፋል። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምርት በ1964 የወጣው የሲንክሌር ኤክስ-10 ነበር። ስሙ 10 ቢልም የሚያወጣው 2.5 ዋት ብቻ መሆኑ የዋት ቁጥርን የማጋነን ልማድ ከክላስ ዲ ጋር አብሮ መወለዱን ያሳያል። ተከታዩ ኤክስ-20 ደግሞ በዘመኑ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ደካማነት ተቸገረ። አሠራሩ መንገድ ያገኘው ፈጣን የሞስፌት ትራንዚስተሮች ሲመጡ ነው። በመኪና ውስጥ ቀድሞ የገባው ቤዝ ብቻ በሚያወጣው ትልቅ ስፒከር፣ በሰብዉፈር፣ ነበር፤ ቤዝ ዝግ ያለ ድምፅ ስለሆነ እጅግ ፈጣን መቆራረጥ አይጠይቅም። እስከ 20 ኪሎኸርትዝ የሚደርሰውን ሙሉ ድምፅ ለማውጣት ግን በሰከንድ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር መቆራረጥ ያስፈልጋል። ይህ ሲቻል ነው ባለ አራት መስመሩ ትንሽ ሣጥን የተገኘው።

በመቆራረጥ ሳይሆን በሌላ ዘዴ የሄዱም አሉ። የፊሊፕስ ቲዲኤ1562ኪው አንድ ነጠላ ቺፕ ሲሆን፣ ኃይል ሲፈለግ በካፓሲተሮች ቮልቴጁን ለአፍታ ከፍ እያደረገ በ4 ኦም እስከ 70 ዋት ያወጣል። ክላስ ኤች ይባላል።

ክላስ ኤቢ «ሞቅ ያለ» ድምፅ አለው የሚሉ አሉ። በዚህ ዳሰሳ አቋም፣ በደንብ የተሠሩ ሁለት አምፕሊፋየሮች በእኩል ድምፅ ከተደመጡ በሚጓዝ መኪና ውስጥ መለየት ዘበት ነው። የክላስ ዲ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ነው፤ መቆራረጡ የኤኤም ሬዲዮን ሊረብሽ ይችላል፣ ይህም በማጣሪያው ጥራትና በገመዱ አቀማመጥ ይወሰናል።

የቁጥሩን ነገር ሥርዓት ለማስያዝ በ2003 በአሜሪካ ሲኢኤ-2006 የሚባል የአለካክ ደረጃ ወጣ፤ አሁን ሲቲኤ-2006 ይባላል። ኃይሉ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ የድምፅ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳያልፍ እንዲለካ ያዛል። አምራቾች የሚቀበሉት በፈቃዳቸው ነው። ደረጃው ያልተጻፈበት ሣጥን ሲገጥም ፊውዙን ማየት ይበቃል። 20 አምፔር ፊውዝ ያለው ሣጥን በ14.4 ቮልት 288 ዋት ይስባል፤ በ85 በመቶ ሲሰላ 245 ዋት ነው፣ ለአራት ሲካፈል 61። ፊውዝ ለአፍታ ከልኩ በላይ ስለሚያሳልፍ ስሌቱ ግምት ነው፤ ሆኖም በዚያ ሣጥን ላይ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ውሸትነቱ ግልጽ ነው። የአልፓይን ኬቲፒ-445ዩ በአንጻሩ የሚናገረው ልከኛ ቁጥር ነው፦ 45 ዋት በ4።

ቦታ ሲመረጥ ከሣጥኑ ርዝመት ይልቅ የሚያሳስተው ውፍረቱና ገመዶቹ የሚወጡበት ጎን ነው። ሶኬቶቹ በሁለት ተቃራኒ ጎን ከሆኑ በሁለቱም በኩል ለገመድ መታጠፊያ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይጠይቃል። ከቴፑ ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብም ሙቅም ነው። የአንድ ዲን ቴፕ ፊት 180 በ50 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ጀርባው በገመድ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ከክሩስኮቱ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ቢገባ ይሻላል። ከመቀመጫ ሥር ሲገጠም ወንበሩ እስከ መጨረሻ ወደፊትና ወደኋላ መሄዱን ማየት፣ የማሞቂያ አየር መውጫውን መራቅ፣ ቢጫ ሶኬት ያላቸውን የኤርባግ ገመዶች አለመንካት ግድ ነው። ምንጣፍ ውሃ ስለሚይዝ ሣጥኑ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይበል። በሰብዉፈር ሣጥን ላይ ማሰር ግን ንዝረቱ ብየዳውን ስለሚያላቅቅ አይመከርም። ጥሩ ገጣጣሚ ከመብሳቱ በፊት ከወለሉ ሥር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ መኖሩን ያያል፤ የሙያው ክብር ከማይታየው ሥራ ይጀምራል።

የኃይል ገመዱ በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፤ ፊውዙም ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ፣ ይህ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱንና መኪናውን ነው። ለትንንሾቹ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በአብዛኛው በቂ ነው። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ወፍራሙን መውሰድ ይገባል፤ አሉሚኒየም ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው የሚያስተላልፈው። ማሳው (የኔጌቲቩ ገመድ) ቀለሙ በተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ በአጭር ገመድ ይታሰራል።

ወደ አምፕሊፋየር የሚሄድ የመውጫ ሶኬት የሌለው የፋብሪካ ቴፕ ካለ፣ የስፒከር ገመድ የሚቀበል መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ይመረጣል። ብዙዎቹ ከስፒከሩ መስመር ላይ የሚገኘውን 6 ቮልት ገደማ ቋሚ ኤሌክትሪክ አይተው ራሳቸውን ስለሚያበሩ ተጨማሪ የማብሪያ ገመድ አያስፈልግም። ጌይን የሚባለው የአምፕሊፋየሩ መዘውር ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠኛ እንጂ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ቴፑ እስከ ሦስት አራተኛው ከፍ ተደርጎ፣ ጌይኑ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ቀስ እያለ ይዞራል፤ ከዚያ ጥቂት ይመለሳል።