ቨርጂኒያ ውስጥ የትምህርት በጀት ሲቆረጥ ማንን እንጠይቅ?

አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የምትኖሩ ወላጆች፣ የትምህርት በጀት ሊቆረጥ ነው ሲባል ቁጣው መጀመሪያ የሚያርፈው የትምህርት ቦርዱ ላይ ነው። ቦርዱ ግን ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። የአካባቢውን ገንዘብ የሚመድብለት የከተማው ምክር ቤት ወይም የካውንቲው ቦርድ ነው። ካነሰው መምህር መቀነስ ይመጣል።

ስቴቱስ? ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ጋ ነው። ስቴቱ ድርሻውን የሚወስነው የየአካባቢውን የመክፈል አቅም በሚለካ፣ “ሎካል ኮምፖዚት ኢንዴክስ” በሚባል ስሌት ነው። የንብረት ዋጋ 50 በመቶ፣ የነዋሪው ገቢ 40 በመቶ፣ የችርቻሮ ሽያጭ 10 በመቶ ክብደት አላቸው። ውጤቱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ጣሪያው 0.8 ነው፤ አሌክሳንድሪያም አርሊንግተንም እዚያ ደርሰዋል። በአጭሩ፣ ስቴቱ መሠረታዊ ብሎ ካወጣው የትምህርት ወጪ 80 በመቶ ያህሉን “ራሳችሁ ቻሉት” ይላቸዋል። ስሌቱ የሚያየው የአካባቢውን ድምር ሀብት ነው እንጂ ኪራይ የሚያንገበግበውን የታክሲ ሾፌር አይደለም። ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው።

ስሌቱን መቀየር የሚችሉት ሪችመንድ ያሉት የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ናቸው። የንብረት ግብሩ ምጣኔ ግን የከተማው ምክር ቤት ወይም የካውንቲው ቦርድ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ስለሚጀምር፣ ሕዝብ የሚደመጥባቸው ስብሰባዎች በፀደይ ናቸው። ሰኔ ላይ ብትጮኹ ነገሩ አልቋል።